ከአጥሩ ውጪ የቀሩት ድንጋዮች

የቡታጅራን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ጢያን ያውቃል። ቢያንስ ታፔላውን። ከዓለም ገና ተነስቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ሶዶ ወረዳ ሲገባ መንገዱ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ ጠርዝ ላይ በአጥር የተከበበ ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ 36 የጥንት ትክል ድንጋዮች አሉ። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በዚያው ዓመት አክሱም፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞም ተመዝግበዋል። ከአክሱም እኩል ማለት ነው። ይሄን ለሰው ስናገር ግማሹ አያምነኝም።

እኛ ቤት ዩኔስኮ የሚባል ነገር ተነስቶ አያውቅም። የአባቴ ወገኖች ክስታኔ ናቸው፤ የሶዶ ጉራጌ። መስቀል ሲደርስ መኪናውን በሰውና በዕቃ ሞልተን አገር ቤት እንወርዳለን። ጢያ ስንደርስ አባቴ በመስኮት እየጠቆመ «የግራኝ ድንጋይ» ይላል። መኪናው አይቆምም። ክትፎው እየጠበቀ ለድንጋይ የሚቆም ማን ነው? ግራኝ አህመድ ተክሎት ያለፈ ነው፣ የጎራዴው ምልክትም ያው ይታያል ይባላል።

የታሪክ ሰዎች በዚህ አይስማሙም። የግራኝ ዘመቻ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጉዳይ ነው። የጢያ ድንጋዮች ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ገደማ እንደተተከሉ ይገመታል። ግራኝ በዚያ አልፎ ከሆነ እሱም እንደኛው ቆመው ነው ያገኛቸው። አባቴ ላይ ግን አልፈርድም። በእኛ አገር ሠሪው ያልታወቀ ነገር ባለቤት አልባ ሆኖ አይቀርም። በዚህ በኩል የቆመ ድንጋይ ሁሉ ለግራኝ ይሰጣል። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ደግሞ ለላሊበላ።

የመጀመሪያ ጊዜ ወርጄ ያየሁት ጎልምሼ ነው፤ ያውም ከውጭ የመጣ እንግዳ ይዤ። ትኬት ቆርጠን ገባን። ከ36ቱ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ብዙው ጎራዴ ነው። ጫፉ ወደ ታች የዞረ፣ አንዱ ከሌላው ጎን የተደረደረ ጎራዴ። ክብ ክብ ምልክት አለ። ከሥር በኩል ደግሞ ቅጠሉን ዘርግቶ የበቀለ ተክል የሚመስል ነገር አለ፤ እንሰት ነው የሚሉ አሉ፣ የራስ መደገፊያ ትራስ ነው የሚሉም አሉ። አንዳንዱ ድንጋይ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል፣ አንዳንዱ ወገብ ጋ ይቀራል። ዘመም ያሉ አሉ። ከሥራቸው መቃብር ነው። አስጎብኚያችን ሟቾቹ ተኮራምተው የተቀበሩ፣ አብዛኞቹም በወጣትነት የሞቱ መሆናቸውን ነገረን። የጎራዴው ብዛት ጀግናው የገደለውን ሰው ቁጥር ያሳያል ብሎም ጨመረ። ይሄኛውን በጥርጣሬ ነው የሰማሁት። ምልክቶቹ አብዛኞቹ እስካሁን አልተፈቱም፤ ዩኔስኮም ራሱ እንደዚያው ነው የሚለው። አስጎብኚ ግን ዝም ማለት አይችልም፣ እንጀራው ነው።

ያን ቀን በቀላሉ ያለፍኩት፣ በኋላ ግን የከነከነኝ አንድ ነገር አለ። ዩኔስኮ ስለ ጢያ ሲያስረዳ፣ በሶዶ አካባቢ እስካሁን ከታወቁ 160 ገደማ የአርኪዮሎጂ ቦታዎች ዋነኛ ከሆኑት አንዱ ነው ይላል። 160! አጥር ያለው፣ ትኬት የሚቆረጥበት፣ ታፔላ የቆመለት አንዱ ነው። የቀሩትስ የት ናቸው?

የት እንዳሉማ እኛ ቤተሰብ ውስጥ ያውቁታል። ማንም ስላልጠየቀ ማንም አልተናገረም እንጂ።

በሚቀጥለው መስቀል አንድ የአባቴን ዘመድ ይዤ እርሻ ለእርሻ ዞርኩ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ጤፉ መሃል፣ አንድ ድንጋይ ቆሟል። ዙሪያውን ክንድ የምታህል ያልታረሰ ሣር ከቦታል። ተጠግቼ ሣሩን ገለጥ ሳደርግ ጎራዴ አለበት። የጢያው ዓይነት ጎራዴ። ልቤ ዘለለ።

«አባባ፣ ይሄን ድንጋይ ማን ነው እዚህ ያቆመው?»

«እኔ ስወለድም እዚሁ ነበር። አባቴም ሲወለድ እዚሁ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላነሡትም? የእርሻ ቦታ ይዞብዎታል እኮ።»

«ምን አድርጎኝ?»

እንዲህ ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያ ቆየት ብለው፣ በሬዎቻቸው ቦታውን እንደሚያውቁት፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ሳይነዱ ዞረው እንደሚያልፉ ነገሩኝ። ድንጋዩ ሥር ሰው እንዳለ ከአባታቸው ሰምተዋል። ማን እንደሆነ አያውቁም። ዘመዳቸው እንዳልሆነ ግን ያውቃሉ፤ ቢሆን ኖሮ በስም ይጠራ ነበር። የማያውቁትን ሰው መቃብር ግን አያርሱም፤ አባታቸውም አያታቸውም አላረሱም። እንግዲህ ሕግ ከመውጣቱ፣ ባለሥልጣን ከመቋቋሙ፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯም በፊት ድንጋዩን ጠብቆ እዚህ ያደረሰው ይሄ ነው። ፈረንሳዊው ካህን አዛይስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እየዞረ የደቡብን ትክል ድንጋዮች ሲመዘግብ፣ በኋላም አንፍሬና ዡሶም የሚባሉት አርኪዮሎጂስቶች ሶዶ ላይ ሲሠሩ፣ የተመራመሩበት ነገር የተገኘው ገበሬው ስላልነካው ነው። ይሄን ጽፎ ያመሰገነው ሰው ካለ አላነበብኩም።

ልንለያይ ስንል ጠየቅኳቸው። «ከቢሮ ሰው መጥቶ አያውቅም?»

«አንዴ ልጆች መጥተው ፎቶ አነሱና ሄዱ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ቅርስ ነው ተብሎ መሬትህ ሊወሰድ ነው አለኝ። አንድ ክረምት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።» ከዚያ አየት አደረጉኝ። «ልጄ፣ አንተም የት እንደሆነ እንዳትጽፈው።»

አልጻፍኩም። ቀበሌውንም አልጠራም። ሌላ ቦታ ያየሁትንም እዚህ ላይ በስም የማልዘረዝረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግን እስቲ ነገሩን ከሁለቱም በኩል እንየው። አገሪቱ ሕግ አላት። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ለቤት መሥሪያ ወይም ለመንገድ ሥራ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ፣ ባለበት ጠብቆም ማቆየት አለበት ይላል። ያለ ፈቃድ ቅርስን ከቦታው ማንሳት አይቻልም። ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ለመመደብ የወጣ ሌላ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 839/2006። ወረቀቱ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ወረቀቱ አባባ ጋ ሲደርስ ነው። መሬት የመንግሥት ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ይሄን ሁሉም ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ደብተር የያዘ የከተማ ልጅ እርሻው ላይ ቆሞ «እዚህ ቅርስ አለ» ሲለው የሚሰማው ሌላ ነው። «ይሄ ቦታ ካንተ ይልቅ ለሌላ ሰው ያስፈልጋል» እንደተባለ ነው የሚቆጥረው። ቢያሳውቅ ምን እንደሚያገኝ የነገረው የለም። ምን እንደሚያጣ ግን ጎረቤቱ ነግሮታል።

በእንዲህ ዓይነት ስሌት፣ ድንጋዩን በሌሊት ነቅሎ ገደል መክተት ብልህነት ይሆናል። አባባ አላደረጉትም። ሌሎች አላደረጉትም ብዬ ግን አልምልም። ከሰፈሩ ራቅ ብሎ አንድ ድንጋይ ተገልብጦ አይቻለሁ፤ ሥሩ ጉድጓድ ነው። ወርቅ ፍለጋ ነው አሉኝ። ከጥንት ድንጋይ ሥር ወርቅ አለ የሚል ወሬ በኢትዮጵያ ምድር የማይደርስበት የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ልጃቸውን የዳሩ ሰዎች ለአዲሱ ቤት መሠረት ጥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲፈልጉ ቅርብ ያለውን አነሱ። ክፋት የለበትም፤ የሚያስፈልጋቸው ድንጋይ ነበር፣ ድንጋዩም እዚያው ነበር። መሬቱ ለልጅ ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ሲሄድ ያቺ ክንድ የምታህል ሣር ውድ ትሆናለች። እኔን የሚያስፈራኝ ሌባው ሳይሆን ይሄኛው ነው።

«ጢያ ከተጠበቀ በቂ አይደለም ወይ?» የሚል ጓደኛ አለኝ። አይደለም። ጢያን ብቻ አይቶ ሶዶን አወቅሁ ማለት ክትፎ ቤት ገብቶ ጎመኑን ቀምሶ መውጣት ነው። የእነዚህ ድንጋዮች ምሥጢር ያለው በስርጭታቸው ነው። ጎራዴው የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል? የሰው ቅርጽ ያለው የት የት ነው? ባዶው የት ይበዛል? ትክል ድንጋይ ከሶዶ ተነስቶ በስልጤና በሐድያ በኩል እስከ ሲዳማና ጌዴኦ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ዓይነቱ ይለዋወጣል። ያንን የሚያሳየው 36ቱ አይደለም፤ እርሻ መሃል የቀረው ነው።

ከጌዴኦ የመጣው ዜና ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ዕድሜ ለረጅም ጊዜ ከአንድ ሺሕ ዓመት ብዙም የማይበልጥ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን እዚያው ጌዴኦ ውስጥ ሳካሮ ሶዶ ከሚባል ብዙ ሰው ከማያውቀው ቦታ የተገኘ ናሙና መርምሮ፣ አንደኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ አደረሰው። አንድ ሺሕ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ! የተገኘው ዝነኛ ከሆነው ቦታ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2023 እ.ኤ.አ.፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እዚያ የተመዘገበው ደግሞ ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን እንሰቱ፣ ቡናው፣ ደኑ፣ ገበሬውም ጭምር ነው። ይሄ አመዘጋገብ ከጢያው ይሻላል ባይ ነኝ። በ1980 አጥር ነው የታሰበው፤ በ2023 አገሩ በሙሉ።

ወደ ቡታጅራ መንገድ ልመለስ። ከጢያ በፊት፣ አዋሽ ድልድይ አካባቢ፣ መልካ ቁንጥሬ አለ። እዚያ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በጎጆ ቅርጽ የተሠሩ ጥቂት የሙዚየም ቤቶች፣ ወንዙ፣ ከብት። ሰው ወርዶ «ይሄ ነው?» ይላል። ቅርሱ መሬቱ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ የድንጋይ መሣሪያዎችን አይቶ ጠቆመ፤ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ሻቫዮን መቆፈር ጀመረ። ኋላ ጣሊያኖች ተረከቡት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በብርዱ፣ የሰው ዘር ከ2,000,000 ዓመት በፊት ገደማ ይኖር እንደነበር የሚያሳይ የሕፃን መንጋጋ ከዚህ ተገኝቷል። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል ደግሞ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእግር ዱካ አለ፤ የትልቅ ሰውም፣ ገና ዳዴ ከማለት የወጣ ሕፃንም። ወላጆቹ ጉማሬ እየበለቱ፣ ድንጋይ እየጠረቡ፣ ልጁ አጠገባቸው ጭቃ ይረግጣል። የመሣሪያቸው ድንጋይ ጥቁሩ እንደ መስታወት የሚያበራው ባልጩት ነው። መልካ ቁንጥሬና የባልጩቱ መገኛ የሆነው ባልጪት በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እዚያ ጥበቃ ማለት አለመንካት ነው። ያልተቆፈረው መሬት ከተቆፈረው ይበልጣል፤ እዚያው መቆየቱ ነው የሚሻለው። ግን ያልተቆፈረ ቅርስ ለማንም አይታይም። አሸዋ የሚያወጣው ወጣት፣ ከብቱን ወንዝ የሚያወርደው እረኛ፣ የሚረግጠው ምን እንደሆነ ካልተነገረው እንዴት ይወቅ? ሙዚየሙ ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች ነው የተሠራው የሚመስለኝ። የቅዳሜ ጎብኚ ገብቶ ይወጣል። እረኛው በር ላይ ቆሞ መኪና ይቆጥራል።

አዳዲ ማርያምን በአጭሩ ላንሳ፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ነው ያለችው። ከአለት የተፈለፈለች ናት። ትውፊቱ ያው የላሊበላ ነው ይላታል። እሷ ጋ የጥበቃው ጉዳይ ቀለል ይላል፤ ዛሬም ይቀደስባታል፣ ካህናት አሏት፣ ምዕመን አላት። ዝናብ ቢያስገባ በማግስቱ የሚጮህ ሰው አለ። የሚጸለይበት ቅርስ ጠባቂ አያጣም። የአባባ ድንጋይ ግን ሃይማኖት የለውም። የማንም አይደለም። መስቀል ሲመጣ የሚያስታውሰው የለም፣ ጥምቀት ሲመጣ የሚያከብረው የለም። ያለው ነገር የአንድ ገበሬ «ምን አድርጎኝ?» ብቻ ነው።

ይሄ «ምን አድርጎኝ» ደግሞ ለዘላለም አይቆይም። የአባባ ልጆች አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዱ መርካቶ፣ አንዱ ውጭ አገር። መሬቱን ነገ የሚያርሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት የተከራየ ሰው ይሆናል፣ ምናልባት ትራክተር። በሬ ዞሮ ያልፋል፤ ትራክተር ግን ድንጋዩን አያውቀውም።

እኔ ብጠየቅ አጥር አልጠይቅም። 160 ቦታ ለማጠር ገንዘብም የለም፣ ቢኖርም ጥቅሙ አይታየኝም። የሚያስፈልገው መጀመሪያ ለገበሬው በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ «ድንጋዩ ስላለ መሬትህ አይነካም» የሚል ቃል ነው። እንዲያውም ላለማረሱ ትንሽ ነገር ቢታሰብለት፣ ግብሩ ላይ ቅናሽ ቢደረግለት፣ ድንጋዩን የሚደብቀው ሰው ራሱ ይዞት ይመጣ ነበር። ገደል ከመክተት ይልቅ ለእንግዳ የሚያሳይበት ምክንያት ያገኛል። ሁለተኛ፣ መዝገቡ በየቀበሌው ይሁን፤ ሰዎቹ በሚጠሩት ስም። አሁን የጥናት ወረቀት ላይ ያሉት ስሞች በፈረንሳይኛ ፊደል ተጽፈው፣ አንዳንዶቹን ራሳቸው የአካባቢው ሰዎች ሲሰሙ አያውቋቸውም። ለአባባ የጻፍኩላቸውን ስም ሳነብላቸው ሳቁብኝ።

ይሄን ያልኩት ለአንድ የቅርስ ባለሙያ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውን ይወዳል። «ቦታውን ካልነገርከኝ እንዴት እጠብቀዋለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። «ከነገርኩህ ደግሞ የአባባን እምነት እበላለሁ» አልኩት። እኔም እውነቴን ነው። ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

ከዚያ በኋላ የጀመርነው ነገር ትንሽ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያው አካባቢ መምህር ነው። ተማሪዎቹን በየሰፈራቸው ያለውን ድንጋይ እንዲያዩ፣ አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ፣ የሰሙትን እንዲጽፉ አዟቸዋል። ቅርጹን በእርሳስ ይሥላሉ። ማን ተከለው፣ ምን ይባላል፣ ለምን አልተነሳም የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። መልሶቹን አንብቤ ብዙ ስቄአለሁ። አንዷ ልጅ አያቷ «ለከብት ማከኪያ ነው» እንዳሏት ጽፋለች፤ እኔ ግን ከብዙ ግምት ይሄኛው ደስ ብሎኛል። አንዱ ልጅ የሣለው ላይ ደግሞ ከጎራዴዎቹ ሥር ያ ተክል የመሰለው ምልክት አለ። ልጁ ጢያ ሄዶ አያውቅም።

የቦታው ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ከመምህሩ ጋር ተከራክረናል። እሱ ይጻፍ ነው የሚለው፤ ካልተጻፈ ነገ ይጠፋል። እኔ የባለመሬቱ ፈቃድ ካልተገኘ አይጻፍ አልኩ። በመጨረሻ ያልፈቀደ ሰው ጋ ያለው ድንጋይ ቁጥር ብቻ እንዲሰጠው፣ የቦታው መስመር ባዶ እንዲተው ተስማማን። ለጊዜው ባዶው መስመር ከተሞላው ይበዛል። ለመስቀል ስንወርድ ደብተሩን ይዘን አባባ ጋ እንሄዳለን፤ እሳቸው እሺ ካሉ ጎረቤቶቻቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።